ከበሮ ይሰማል
በቤት ውስጥ ስለሚደረግ የከበሮና የእስክስታ ምሽት የቀረበ ሂስ



«ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» ይላሉ አበው። ተረቱ ለሌላ ሰው የተነገረ ይመስለኝ ነበር። ብዙ ዓመት በየሠርጉና በየምርቃቱ እየተገኘሁ «ይህ ቀርቷል፤ ያኛው ተበላሽቷል» ስል የኖርሁ ሰው ነኝ። ባለፈው ዓመት በሐኑካ ሰሞን ግን በራሴ ቤት አስተናጋጅ ሆንሁና፣ በሌሎች ላይ የነቀፍሁትን ሁሉ በአንድ ምሽት ፈጸምሁት። ስለዚህ ከዚህ በታች የማቀርበው ሂስ በመጀመሪያ የሚያርፈው በራሴ ላይ መሆኑን አንባቢ እንዲያውቅልኝ እወዳለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኅቴ ልጅ የውትድርና አገልግሎቱን ጨርሶ በሰላም ስለተመለሰ፣ ሰንበት ከወጣ በኋላ እዚሁ ሮቫ ዩድ-አሌፍ በሚገኘው ቤታችን ዘመድ አዝማድ ጠራን። ቤታችን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሶፋውን ወደ መኝታ ክፍል አስገብተን፣ ጠረጴዛውን ከግድግዳ አስጠግተን፣ ሠላሳ የሚሆን ሰው አስቀመጥን። ዳቦው ተባርኮ ተቆረሰ፤ እንጀራው ቀረበ፤ ቡናው ተፈላ። ከዚያም በገንዘብ የተጠራው ወጣት ኦርጋኑንና ሁለት ትልልቅ ድምፅ ማጉያዎቹን ዘርግቶ ሥራውን ጀመረ።

ከተጠሩት መካከል ዕድሜያቸው ሰማንያን ያለፈ አንዲት እናት ነበሩ። በወገራ በነበርንበት ዘመን ያለ እርሳቸው ሠርግ አይሞቅም ነበር፤ ዘፈን አውጪ ነበሩና። ያን ምሽት ከበሯቸውን በነጠላ ጠቅልለው ይዘው መጥተዋል። ኦርጋኑ ሲጀምር ከበሮውን ከበሩ ኋላ አስቀመጡና ወደ ወጥ ቤት ገብተው ሰሐን ማጠብ ያዙ። «ኧረ ይምጡ፣ እዚህ ይቀመጡ» ያላቸው ሰው አልነበረም። እኔም አላልሁም።

ነጋሪትና ከበሮ

ከእንግዶቹ አንዱ ወጣት ከበሩ ኋላ ያለውን ዕቃ አይቶ «ይህ የቄሶቹ ነጋሪት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው መልካም ነው፤ በየባህል ምሽቱም ሁለቱ ሲደባለቁ ስለማይ እዚህ ላይ ጥቂት ማብራራት ይገባል።

ነጋሪት በአገራችን የአዋጅ ድምፅ ነው። ንጉሥ ወይም መስፍን ትእዛዝ ሲያወጣ በገበያ የሚጎሰመው እርሱ ነበር። የኢትዮጵያ መንግሥት ሕጉን የሚያወጣበት ጋዜጣ እ.ኤ.አ. ከ1942 ጀምሮ «ነጋሪት ጋዜጣ» የተባለውም ከዚህ የተነሣ ነው። በእኛ በቤተ እስራኤል ዘንድ ደግሞ ነጋሪት የጸሎት ቤት ዕቃ ነው። ቄሶቻችን በግእዝና በአገውኛ የሚያዜሙትን ጸሎት በነጋሪትና በቃጭል ያጅቡት ነበር፤ ቃጭሉን መጥቅዕ የሚሉትም አሉ። እኔ በልጅነቴ ንባብና ዜማ ስማር ነጋሪቱን መንካት የሚችለው ማን እንደሆነ ሳይነገረኝ አውቀው ነበር፤ ከእኛ ከልጆቹ ማንም እጁን አይዘረጋም።

ከበሮ ግን ሌላ ነው። ከግንድ ተቦርቡሮ በሁለት በኩል ቆዳ ይለብሳል፤ ቆዳው በጠፍር ተወጥሮ ይያያዛል። አንዱ ፊቱ ሰፊ ነው፤ ድምፁም ወፍራም። ሌላው ፊቱ ጠባብ ነው፤ ድምፁም ቀጭን። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ከበሮ የማሕሌት ዕቃ ሲሆን፣ በእኛ መንደር ግን የሠርግና የደስታ ነበር። አነስ ያለውን አታሞ እንለዋለን፤ እርሱም በአብዛኛው የሴቶች ነው።

ሁለቱ በአንድ ቀን ሊሰሙ ይችላሉ፤ ነገር ግን በየሥፍራቸው ነው። በሲግድ ቀን ጾሙና ጸሎቱ እስኪፈጸም የሚሰማው የቄሶች ዜማ ነው። ጾሙ ከተፈታ በኋላ መብሉና ጭፈራው ይከተላል። ሲግድ እ.ኤ.አ. በ2008 በክኔሴት ሕግ የመላ አገሪቱ በዓል ሆኖ ከታወቀ ወዲህ በየከተማው የባህል ምሽት በዝቷል፤ ይህም ደስ የሚያሰኝ ነው። ሆኖም ነጋሪትን አምጥቶ ለእስክስታ መምታት መጽሐፈ ጸሎትን እንደ ዘፈን መጽሐፍ መግለጥ ነው። ከበሮ ይበቃናል። ወጣቱን «የቄሶቹ አይደለም፤ የእናትህ ነው» አልሁት።

ይህን ስል ግን ከበሮውም እስክስታውም የእኛ ብቻ ነው ማለቴ አይደለም። እስክስታን በጎንደርም፣ በጎጃምም፣ በወሎም፣ በሸዋም ያለው አማራ ይጨፍረዋል። ከሠርግ ዘፈኖቻችን ብዙዎቹ ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ጋር የጋራ ነበሩ። ከትግራይ የመጡ ወገኖቻችን ጭፈራ ደግሞ ሌላ መልክ አለው፤ ከበሮው ከትከሻ ተንጠልጥሎ ሰዉ በክብ ይዞራል። ተመራማሪዎች «የቤተ እስራኤል ጭፈራ» ብለው ሲጽፉ ይህን ጎረቤትነት እንዳይረሱ አሳስባለሁ። የራሳችን የሆነው ማን ከማን ጋር፣ በየትኛው ቀን፣ ከየትኛው ጸሎት በኋላ ይጨፍረው እንደነበር ነው።

የማይሰማ ምት

አሁን ወደ ምሽቱ ልመለስ። ኦርጋኑ ውስጥ ችክችካው ተሞልቶ የተቀመጠ ነው። ወጣቱ አንድ ቁልፍ ይጫናል፤ ምቱ ይነሣል፤ እስኪያጠፋው ድረስም አንድ ፍጥነት ይዞ ይሄዳል። የእኅቴ ልጅ ገብቶ ጨፈረ፤ ምቱ ያው ነው። ሰባ አምስት ዓመት የሆናቸው አጎቱ ገቡ፤ ምቱ ያው ነው። አጎቱ ትከሻቸውን ሁለት ጊዜ ሰብረው ትንፋሽ ቢያጥራቸው ምቱ አልጠበቃቸውም። ሣቅ ብለው ወጡና ተቀመጡ። እኛም አጨበጨብንላቸው፤ ጭብጨባውም ለመድረክ ሰው እንደሚደረገው ያለ ነበር።

ከበሮ የሚመታ ሰው እንዲህ አያደርግም። ዓይኑ ከጨፋሪው ትከሻ ላይ ነው። ጎበዝ ሲገባና ሲሞቅ ያፋጥንለታል። ሽማግሌ ሲገቡ ያለዝብላቸዋል፤ እንዲያርፉም ወፍራሙን ፊት ብቻ ቀስ አድርጎ ይመታል። የምታፍር ልጅ ስትገባ አጨብጫቢዎቹን በዓይኑ ጠርቶ ጭብጨባውን ያበረታል፤ ድፍረት እንድታገኝ። ግእዝ ስንማር መምህራችን «አንድ ቃል ጠብቆና ላልቶ ሲነበብ ሁለት ነገር ይሆናል» ይሉን ነበር። «ከበሮ ይሰማል» የሚለውም እንደዚሁ ነው። ሲጠብቅ ድምፁ ለሰው ይደርሳል ማለት ነው፤ ሲላላ ደግሞ ከበሮው ራሱ ያዳምጣል ማለት ነው። ድምፅ ማጉያው የመጀመሪያውን ከማንም ይበልጥ ይችላል፤ ሁለተኛውን ግን ጭራሽ አይችልም።

በወጣቱ ላይ መፍረዴ አይደለም። የታዘዘውን ተጫወተ፤ እንጀራውም ነው። ብዙ መቶ ሰው በሚታደምበት የሠርግ አዳራሽ ያለ ድምፅ ማጉያ ከበሮ ብቻውን አይዘልቅም። ነገር ግን ሠላሳ ሰው በአንድ ሳሎን ሲቀመጥ የማጉላት ችግር የለበትም። ሰው ከሰው ጋር መነጋገር እንዳይችል አድርጎ ድምፅ መሙላት እንግዳን ማክበር መስሎን ከአዳራሽ ወደ ቤት አመጣነው።

ጀርባ የሌለው ክብ

ሌላው ነገር አቋቋማችን ነው። ኦርጋኑ ከመስኮቱ ሥር ስለተዘረጋ ሰዉ ሁሉ ፊቱን ወደዚያ አዞረ። ወጣቶቹ ለመጨፈር ሲነሡ በአንድ መስመር ተሰለፉ። ፊታቸውም ወደ ዘመዶቻቸው ሳይሆን ቪዲዮ ወደሚያነሣው ስልክ ነበር። ትከሻቸው ጥሩ ነው፤ አንገታቸውም ጥሩ ነው። ይህን ከመድረክና ከቪዲዮ ተምረውታል። እርስ በርስ መተያየትን ግን አልተማሩም።

መድረኩን ለመንቀፍ አልቸኩልም። ሩት ኤሽል እ.ኤ.አ. በ1995 በሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ከኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ጋር «እስክስታ» የተባለውን የዳንስ ቡድን አቋቋሙ። በ2005 ደግሞ እዚያው ሃይፋ «ቤታ» የተባለው ቡድን ተመሠረተ። እነዚህ ቡድኖች እስክስታን መሠረት አድርገው የዘመኑን የመድረክ ዳንስ የሠሩ ናቸው፤ ልጆቻችን በትከሻቸው እንዳያፍሩ ማድረጋቸው ትልቅ ውለታ ነው። ነገር ግን መድረክ አንድ ፊት አለው፤ ፊቱም ወደ ተመልካች ነው። የመንደራችን ክብ ፊትና ጀርባ የለውም። ከገባው ሰው በቀር የሚታይ የለም፤ የቀረው ሁሉ ወይ ያጨበጭባል፣ ወይ ይቀበላል፣ ወይ እልል ይላል። ቆሞ የሚመለከት ሰው ካለ ወይ ሐዘንተኛ ነው፣ ወይ የተጣላ ነው፤ ምን እንደሆነ ይጠየቃል።

«የከተማ ቤት ጠባብ ነው፤ ክብ አይበቃውም» የሚል መልስ ይሰጠኛል። ይህ ምክንያት አይደለም። እስክስታ እኮ እግር ብዙ ሥፍራ የማይፈልግበት ጭፈራ ነው። ሥራው ያለው በትከሻ፣ በደረትና በአንገት ነው። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ለመግጠም አንድ ምንጣፍ ይበቃቸዋል። ሳሎናችንን ያጠበበው ከመስኮቱ ሥር የዘረጋነው ኦርጋንና ድምፅ ማጉያ ነው።

የጎረቤቶቻችንን ነገርም ማየት ይጠቅማል። በዚሁ በአሽዶድ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1994 የእስራኤል አንዳሉሲያ ኦርኬስትራ ተቋቋመ፤ በ2006ም የእስራኤልን ሽልማት ተቀበለ። የሰሜን አፍሪካ አይሁድ ዜማ በዚህ ትልቅ መድረክ አገኘ። ይሁን እንጂ የሞሮኮ ጎረቤቶቻችን መድረክ አገኘን ብለው ቤታቸውን አልዘጉም። የፋሲካ በዓል በሚወጣበት ማታ፣ በሚሙና፣ በራቸውን ከፍተው የመጣውን ሁሉ ያበላሉ። ጎረቤት ተመልካች አይደለም፤ ገብቶ ይቀመጣል።

በሩ ሲንኳኳ

ከምሽቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ በራችን ተንኳኳ። ከሥራችን ያለችው ጎረቤት ነበረች። ጣሪያዋ እየተንቀጠቀጠ፣ የታመመ ባለቤቷ መተኛት እንዳልቻለ ነገረችን። ከመካከላችን «እኛን ብቻ ነው የሚያዩት» ብሎ ያጉረመረመ ነበር። እውነቱን ልናገር፤ ሴትዮዋ ልክ ነበረች። የአገሩ ሕግ በመኖሪያ ሠፈር ከምሽቱ 11 ሰዓት በኋላ ዘፈንና የሙዚቃ መሣሪያ ይከለክላል። ነገር ግን ሕጉን ከመቁጠሬ በፊት ማሰብ የነበረብኝ ሌላ ነገር ነበር። በወገራ ድግስ የሚደግስ ሰው በሠፈሩ የታመመና ያዘነ መኖሩን ሳይጠይቅ ከበሮ አያወጣም። እዚህ ግን ከሥራዬ የታመመ ሰው መተኛቱን የሰማሁት ያን ሌሊት ነው።

ድምፅ ማጉያው ጠፋ። ወጣቱ ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ። ሳሎኑ እንደ ለቅሶ ቤት ጸጥ አለ። ያን ጊዜ ነው ሚስቴ ወደ ወጥ ቤት ገብታ እኚያን እናት እጃቸውን ይዛ ያመጣቻቸው። ከበሮውን መሬት ላይ አላኖሩትም፤ ብርድ ልብስ አጥፈው ጭናቸው ላይ አደረጉና ከበሮውን በዚያ ላይ አስተኙት። በጣታቸው ጫፍ ቀስ አድርገው መቱ። ዘፈን አወጡ። ተቀባይ ጠበቁ።

የተቀበልናቸው አራት ሰዎች ነበርን፤ አራታችንም ከስድሳ በላይ ነን። የቀሩት አፋቸውን ይዘው ቀሩ። መልሱን አያውቁትም። ሁለተኛ አወጡ፤ ሦስተኛም አወጡ። በሦስተኛው ላይ እዚህ አገር የተወለደች የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ቃሉን አጣማ ተቀበለች። እናታችን ከበሮውን አላቆሙም፤ አልተቆጡም፤ አልሣቁም። ጠባቡን ፊት ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አደረጉና ቃሉን አፋቸውን ከፍተው ደገሙላት። በሚቀጥለው ዙር ልጅቱ በትክክል ተቀበለች። ከእርሷ ጋር አምስት ልጆች ተቀበሉ። አጎቱም ተነሡ፤ ከበሮው ቀዘቀዘላቸው፤ ዙሩን ጨርሰው ተቀመጡ። ይህ ሁሉ ግማሽ ሰዓት አልሞላም። 11 ሰዓት ሲሆን ከበሮው ወደ ነጠላው ተመለሰ።

እውነቱን ለመናገር ጎረቤታችን በማግሥቱም ተቀይማ ነበር። ዳቦ ይዤ ወረድሁና ይቅርታ ጠየቅሁ። ዳቦውን ተቀበለች፤ ስለ ምሽቱ ግን መልካም ቃል አልተናገረችም።

በካሴት ያልተያዘው

በዚያ ሳምንት ካሴቶቼን አወጣሁ። ወደዚህ አገር ከገባሁበት ከ1991 ጀምሮ የቄሶችን ጸሎት ስቀዳ ኖሬያለሁ። ከመቶ በላይ ካሴት አለኝ። የእኚያ እናት ድምፅ በአንዱም ላይ የለም። ቤታቸው ከቤቴ አሥር ደቂቃ መንገድ ነው።

ይህ ጉድለት የእኔ ብቻ አይደለም። ኬይ ሼለሜይ እ.ኤ.አ. በ1973 በኢትዮጵያ ያደረጉት ጥናት፣ በ1986 በመጽሐፍ የወጣው፣ ዋና ትኩረቱ የጸሎት ዜማ ነበር። ኦሊቪየ ቱርኒ በ2009 ያሳተሙት ትልቅ ሥራም የጸሎት ዜማ ጥናት ነው። ለእነዚህ ምሁራን ምስጋና ይገባቸዋል፤ ጸሎቱ ቀዳሚ መሆኑንም እኔ የቄስ ተማሪ የነበርሁ ሰው አልክድም። ነገር ግን ጸሎቱ ቄስ አለው፤ መጽሐፍም አለው። የቤቱ ዘፈን ያለው በሴቶች አፍ ብቻ ነው። «ዘፈን ነው» ብለን ስላቃለልነው ሳይመዘገብ ሊያልፍ ነው።

መቅጃ ይዤ ሄድሁ። እናታችን በደስታ ተቀበሉኝ፤ ቡና አፈሉ፤ ከበሮውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። ሁለት ዘፈን አወጡና ቆሙ። «የቀረውስ?» ብላቸው፣ «አይመጣልኝም ልጄ። ተቀባይ ሳይኖር ምን ብዬ ላውጣ?» አሉኝ። ሌላ ቀን ሞከርሁ፤ ያው ሆነ። በሦስተኛው ያችን ልጅና አራት ጓደኞቿን ይዤ ሄድሁ። ያን ቀን አሥራ አንድ ዘፈን ቀዳሁ። ከእነዚህም ውስጥ ሰባቱን እርሳቸውም ከወገራ ከወጡ ወዲህ አውጥተዋቸው አያውቁም ነበር።

ለተመራማሪዎች የማቀርበው ትልቁ ነጥብ ይህ ነው። ዘፈኑ በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ እንደ ዕቃ ተቀምጦ መቅጃ የሚጠብቅ አይደለም። ግማሹ ያለው በተቀባዩ ዘንድ ነው። ክቡ ከጠፋ ትዝታውም ከአውጪዋ ይጠፋል፤ እርሷ በሕይወት እያለች እንኳ።

ለአስተናጋጆች

እንግዲህ ከጥፋቴ የተማርሁትን ለቤተሰቦች ላካፍል።

አንደኛ፣ ኦርጋን መጥራት የፈለገ ይጥራ፤ ነገር ግን ከምሽቱ ግማሹን ለከበሮና ለጭብጨባ ይተው። ያም ግማሽ የመጀመሪያው ይሁን፤ ድምፅ ማጉያ ከጀመረ በኋላ ከበሮ ይዞ የሚነሣ የለምና።

ሁለተኛ፣ ዘፈን የምታወጣ እናት ካለች ወጥ ቤት አትግባ። መቀመጫዋ በሳሎኑ መካከል ይሁን፤ ሰሐኑን ወጣቶቹ ይጠቡ።

ሦስተኛ፣ መልሱን ለልጆች አስቀድሞ ማስተማር ነው። ከምሽቱ ሁለት ቀን በፊት ሦስት ዘፈን መርጦ፣ ቃሉን በፊደልም በዕብራይስጥም ጽፎ መስጠት ይበቃል። የዕብራይስጡን ገጽ የምታነቡ ልጆችም አትፈሩ፤ ቃል ቢጣመም በክቡ ውስጥ ይቃናል።

አራተኛ፣ ለጎረቤት ከሁለት ቀን በፊት መንገርና መጥራት፤ የታመመ ወይም ሐዘንተኛ ካለ ቀኑን ማዛወር። ከበሮን በባዶ ወለል ላይ አለማኖር፤ ስሚንቶው ድምፁን ወደ ታች ያወርዳልና። ከ11 ሰዓት በፊትም መፈጸም።

አምስተኛ፣ ከዘመዶች አንዱ ይቅዳ፤ የቀረው ስልኩን ያስቀምጥ። የሚቀዳውም ቀኑን፣ የአውጪዋን የትውልድ መንደርና ዘፈኑ ለምን ጊዜ እንደሚዘፈን በድምፅ ይናገር።

ከሁለት ወር በኋላ ሰንበት ሲወጣ እንደገና ጠርተን ነበር። ከሥራችን ያለችውን ጎረቤት አስቀድሜ ጠየቅኋት፤ ባለቤቷ ሆስፒታል በመግባቱ ቀኑን አዛወርን። በኋላ በተሰበሰብንበት ምሽት ኦርጋን አልነበረም። አንዳንድ ወጣቶች ደብሯቸው ቀደም ብለው ሄዱ፤ ይህንንም አልደብቅም። የቀሩት ግን ተቀበሉ። እናታችን ከበሮውን ለዚያች ልጅ ሰጧትና እጇን ይዘው ወፍራሙን ፊት አሳዩአት። ልጅቱ አደናገራት፤ ተረቱም የሚለው ይህንኑ ነው። ከበሮውን ግን ከእጇ አልወሰዱባትም።

አምላከ እስራኤል ለእናቶቻችን ዕድሜ፣ ለልጆቻችን ልቦና ይስጥልን።